እንዶድ ዛሬ ቢሆን በጀት ያገኝ ነበር?

የዩኒቨርሲቲ ነገር ሲነሳ የእኛ የከተማ ልጆች ወሬ ያው ነው። ግሬድ፣ ዶርም፣ የካፌው ምግብ፣ ከምርቃት በኋላ ሥራ ይገኛል አይገኝም። ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ምን አተረፈ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየንም። እስቲ እኛ እንጠይቅ። ለመነሻ የሚሆን አንድ ታሪክ አለን፤ የእንዶድ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። ዕድሜያቸው ያኔ ሠላሳ ገደማ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሰውነት ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሞተ የትሉ መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ታዲያ እሳቸው ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከአጣቢዎቹ ወደ ላይ ያሉት ግን ደህና ናቸው። አጣቢዋን ለምነው የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አስጨመሩ። ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንዶድን ዩኒቨርሲቲ አይደለም ያገኘው። ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ እናቶች በእጃቸው የያዙትን ነገር ላብራቶሪ አስገብቶ፣ ለክቶና መዝኖ፣ መልሶ ወደዚያው ወንዝ መውሰድ ነበር። ደግሞም ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በሽታው የተገኘባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ በየአገሩ ዞረው በመቶ የሚቆጠሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ከመካከላቸው ቁጥር 44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ መረጡ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አብረው ወሰዱ።

ይሁንና ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የውጭዎቹ ድርጅቶች እንዶድ ለሰው አይጎዳም ወይ የሚለው በውጭ አገር ላብራቶሪ፣ በብዙ ገንዘብ ካልተረጋገጠ አናምንም ብለው ዓመታት አለፉ። ጥንቃቄው አይከፋም። ግን ሕዝቡ ስንት ዘመን ልብስ ሲያጥብበት የኖረ ነገር ነው እኮ! በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣ፤ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ቅርፊታም ፍጥረት ለመግደል። ቶሌዶም የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለአካባቢው ሰው ሠራ፤ በዚህ አንፈርድበትም። የሚያንገበግበን የአድዋ አጣቢዎች እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ ማጣታቸው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ራሱን በራሱ ያስተዳድር፣ ገቢም ያመንጭ ነው ነገሩ። ስለ ነፃነቱ እሰየው እንላለን። ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚያስተምርና ማንን እንደሚቀጥር ከላይ የሚነገረው መሆን የለበትም። ስለ ገቢው ግን ጥያቄ አለን። ገዢ የሌለውን ምርምር ማን ይከፍልለታል? ቢልሃርዚያ የሚይዘው ባዶ እግሩን ወንዝ የሚገባውን ልጅ ነው። ያ ልጅ ኪስ የለውም። እንዶድ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፣ ማን ይገዛዋል? እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ዛሬ ይዘን ብንሄድ «ገቢው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ የምንወድቅ ይመስለናል።

በሽታው አልፏል እንዳትሉን። ዛሬ በብዛት የምንዋጋው ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ነው፣ በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። ክኒኑ ጥሩ ነው። ልጁ ግን ከዋጠ በኋላ ተመልሶ የሚገባው ያው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው አለ።

ስለዚህ የምንለው ይሄ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት በሕግ ከማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ በጎ አድራጎት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያመነጩት ገቢ ውስጥ ድሃው ለሚታመምበት በሽታ ቁርጥ ያለ ድርሻ ይመድቡ። ሪፖርት ሲያወጡም ስንት ሥልጠና እንደሰጡና ስንት ባነር እንደሰቀሉ መቁጠሩን ትተው፣ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ወንዝ ላይ ምን እንደተለወጠ ይጻፉልን። ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን፤ ጥናቱ የተሠራባቸው ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ ይሁን። አድዋ ላይ ከሆነ በትግርኛ።