የአየር መንገድና የቤት ደጃፍ

የሩቅ አገር መንገድ የሚለካው አይሮፕላን በሚበርበት ሰዓት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በወገኑ ላይ ያለ በደል ሊፈርድ ይችላል። በወልቂጤ ከተማ ወደ አንድ ልቅሶ ቤት ገብተን ያየነው ነገር ይህን እንድንጽፍ አስገደደን።

የሟች ልጅ ከዋሽንግተን የደረሰው በቀብሩ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ነበር። ታላቅ እኅቱ አንገቱን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ፤ «አይሮፕላኑ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚበረው ይላሉ፤ አንተ ግን እናትህ አፈር ሲለብሱ አልተገኘህም» ብላ ወቀሰችው። እርሱም «እትዬ፤ እንደ ሰማሁ ነው የተነሣሁት» ከማለት በቀር ቃል አጣ።

እኛም ሒሳቡን ለተቀመጡት አስረዳን። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምድር ክብ ስለ ሆነች አጭሩ መንገድ በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሰመረው አይደለም፤ በብርቱካን ላይ ክር ወጥሮ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ስለዚህ አጭሩ የአየር መንገድ አስቀድሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቀናል፤ ኋላም ወደ ደቡብ ያዘነብላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፤ ካይሮ በአየር 2,450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እጅግ ሩቅ ትባል ነበር። የዛሬው ጉዞ ከዚያ አራት እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህም በላይ የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እናቲቱ ያረፉት ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በዚያ ጊዜ በልጁ ዘንድ ገና የሰኞ ሌሊት ነበር። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ሲፈጸም፤ በዋሽንግተን ማለዳ ሆኖ ልጁ አይሮፕላኑ የሚነሣበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ገና ሳይሳፈር መቃብሩ ተዘግቷል። ቦሌም ከወረደ በኋላ ወልቂጤ ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይቀረዋል።

ይህን ሲሰሙ ከቡታጅራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ በአየር ቢለካ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የጉራጌ ተራራ በመካከል ስለ ቆመ መንገዱ ይጠመዘዛል። «እኔ ከተራራው ማዶ መጥቼ ለቀብሩ አልደረስሁም፤ እርሱማ ከባሕር ማዶ ነው» አሉ። እኅቲቱም ተነሥታ የወንድሟን ጉልበት ሳመች።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ልጁ በሩቅ አገር ያለበት ቤተ ሰብ ወሬውን እስከ መርዶ ድረስ አይደብቅ፤ ሕመሙ ሲጸና ያስታውቀው። በሩቅ ያለውም ልጅ መንገዱን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ይቍጠር፤ ቢቻለውም በመስከረም 17 ቀን፤ የጉራጌ ልጆች ለመስቀል ወደ አገራቸው በሚሰበሰቡበት ወራት፤ ወላጆቹን በሕይወት ሳሉ መጥቶ ይጠይቅ።