አሮጌ ትራክተር፣ አዲስ ቅዳሜ

የዚህ ወር የትርፍ ጊዜ ጨዋታችን ትንሽ ቅባት፣ ትንሽ ዝገትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሜሪካ ያለው ወንድምዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ በቪዲዮ ሲደውል ከጀርባው አንዲት ቀይ ወይም ቢጫ ትንሽ ትራክተር ቆማ አይተው «ይሄ ሰውዬ ገበሬ ሆነ እንዴ?» ብለው ስቀው ይሆናል። ገበሬ አልሆነም። የሃምሳና የስልሳ ዓመት የጓሮ ትራክተር ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ አድሶ መልሶ ሥራ ላይ ማዋል እዚያ አገር ብዙ ሰው የሚወደው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ቅዳሜን ይወስዳል፣ ገንዘብም ይወስዳል። በአግባቡ ከተያዘ ግን ለቤተሰብ የሚመልሰው ነገር አለው። በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዝቅ ብለን በግልጽ እንነጋገራለን።

ከሣር ማጨጃ በላይ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ተቀምጠው የሚነዱት ሣር ማጨጃ ሁሉ የጓሮ ትራክተር አይባልም። የጓሮ ትራክተር ሻንሲው ወፍራም፣ የኋላ ጎማው ትልቅ፣ ካምቢዮው ጠንካራ ነው። ሣር ያጭዳል፤ ከዚያ በተጨማሪ ማረሻ ይጎትታል፣ አፈር ይገለብጣል፣ በረዶ ይገፋል፣ ጋሪ ይስባል። ሚኒሶታ ላለ ሰው የክረምቱ በረዶ፣ ሜሪላንድ ጓሮው ላይ ጎመንና ቃሪያ ለሚተክል ሰው ደግሞ የፀደዩ መደብ ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

ታሪኩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይጀምራል። አሜሪካውያን ከከተማ መሃል ወጥተው ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ መኖር ሲጀምሩ፣ ለእርሻ ትራክተር የሚያንስ፣ ለእጅ ማጨጃ ግን የሚበዛ መሬት ባለቤት ሆኑ። ኤልመር ፖንድና ልጁ ሴሲል እ.ኤ.አ. በ1946 በኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ የጀመሩት ሥራ ኋላ «ዊል ሆርስ» በሚል ስም የታወቁትን ቀያይ ትራክተሮች ወለደ። ትልልቆቹ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካዎችም ዝም አላሉም። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ለ1961 ገበያ ቢጫና ነጭ የሆነውን «ከብ ካዴት» አወጣ። ጉልበቱ ሰባት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ማርሾቹ ግን «ፋርሞል ከብ» ከተባለው እውነተኛ የእርሻ ትራክተር የተወሰዱ ስለነበሩ በቀላሉ የሚበገር አልነበረም። ጆን ዲር ደግሞ በ1963 «110» የተባለውን ሞዴል ከዊስኮንሲን ግዛት፣ ሆሪኮን ከሚገኘው ፋብሪካው ይዞ ብቅ አለ።

ለጌጥ ዓይን ያላችሁ ይህን ስሙልኝ። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 ባለው ጊዜ የተለመደውን አረንጓዴ ትቶ፣ ገላቸው ነጭ፣ ኮፈናቸውና መቀመጫቸው ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የሆኑ የጓሮ ትራክተሮችን ሸጧል። ደንበኛው ከቤቱ ጋር የሚሄድ ቀለም እንዲመርጥ ታስቦ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

የጓሮ ትራክተር ምን ያህል ርቀት ሊወስድ እንደሚችል ማወቅ ከፈለጉ የአልቪን ስትሬትን ታሪክ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 የ73 ዓመቱ ሰው ወንድሙ በስትሮክ መታመሙን ሰማ። ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። በ1966 የተሠራች ጆን ዲር ትራክተሩ ላይ ጋሪ ቀጥሎ ከአዮዋ ግዛት እስከ ዊስኮንሲን 386 ኪሎ ሜትር ያህል በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበት ወንድሙ ቤት ደረሰ። ዴቪድ ሊንች በ1999 «ዘ ስትሬት ስቶሪ» በሚል ፊልም ሠርቶታል፤ ከቤተሰብ ጋር ሊያዩት የሚችሉት ፊልም ነው።

ለምን አሮጌው?

«አዲስ መግዛት እየተቻለ ከአሮጌ ጋር ምን አታገላቸው?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ብረቱ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የጓሮ ትራክተሮች የሚጠቀሙት «ኮህለር» የተባለ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሲሊንደሩ ወፍራም ብረት ነው። ሲበላ አይጣልም፤ በቶርኖ ቤት ይሰፋል፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተን ይገባለታል፣ እንደገና ዕድሜ ያገኛል። ኮምፒውተር የለውም። ካርቡራተሩን በአንድ ካቻቪቴና በሁለት ቁልፍ ያወርዱታል። እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ በዓይን ይታያል። ለዚህ ነው ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ትምህርቱን በእሱ ሊጀምር የሚችለው።

ሲገዙ

ቀለም አይሸውድዎት። የጠፋ ቀለም ይቀባል፤ የተሰነጠቀ ሻንሲና የተበላ ማርሽ ግን ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ፦

• የሞተሩ መዘውር በእጅ ይዞር እንደሆነ ይሞክሩ። ካልዞረ ፒስተኑ ተጣብቋል፤ ይድናል፣ ግን ዋጋው ያንን ማሳየት አለበት።

• መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ የፊት ጎማዎቹንም ይነቅንቁ። ኩሺኔታው ካለቀ ይነግርዎታል።

• የሞዴልና የመለያ ቁጥር የተጻፈበት ሳህን መኖሩን ይዩ። ያለ እሱ ትክክለኛ መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው።

• ተቀጥላዎቹ አብረው ይሸጡ እንደሆነ ይጠይቁ። ማረሻውንና የበረዶ መግፊያውን ኋላ ለብቻ መፈለግ አድካሚ ነው።

• የሚኖሩበት ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ። ደጅ ላይ የተፈታ ማሽን ማስቀመጥን የሚከለክሉ አሉ።

ነፍስ ለመዝራት

ከዓመታት በኋላ ሊነሳ የቀረበ ሞተር ላይ ባትሪ ገጥሞ ቁልፍ ለመጠምዘዝ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ካንዴላውን ያውጡና ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ይደር። በማግስቱ በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። አሮጌውን የሞተር ዘይት ያፍስሱና አዲስ ይሙሉ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሞተሩን የሸፈነውን ቆርቆሮ ይፍቱት። እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ጋራዥ ጥግ የከረመ ትራክተር ቆርቆሮ ሥር ደግሞ አይጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች። ጎጆው ነፋሱን ይዘጋል፤ ደክመው ያስነሱት ሞተር በአንድ ቀን ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ብልጭታ አለ? ነዳጅ ይደርሳል? አየር ይገባል? ብልጭታ ከሌለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፑንቲናው ነው። በደቃቅ ወረቀት አጽድተው ክፍተቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲያደርጉት ብልጭታው ይመለሳል። ነዳጅ ካልደረሰ ታንኩን ይጠቡ፣ ካርቡራተሩን ፈትተው ቀዳዳዎቹን ያጽዱ። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ፤ የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት አሮጌ ጎማን ይበላል። አየር ማጣሪያው ከደፈነ ወይም ከተበጣጠሰ አይታገሉት፤ ይቀይሩት። ቺንጋና ፍሬንም ሳይታዩ ትራክተሩ ከቦታው አይንቀሳቀስ።

ሁለት ልማዶች ከብዙ ንዴት ያድኑዎታል። አንደኛ፣ ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሁለተኛ፣ የተፈታውን ብሎንና ዳዶ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍለው ስም ይጻፉበት። ሥራው ለሦስት ሳምንት ቢቋረጥ እንኳ ከረጢቱ ያስታውስዎታል።

ይቀባ ወይስ ይቅር?

ይህ በወዳጆቹ መካከል የማያልቅ ክርክር ነው። አንዱ ወገን እንደ ፋብሪካው ቀን እስኪያበራ ይቀባል። ሌላው የደበዘዘውን ቀለምና የተላጠውን ጽሑፍ እንዳለ ትቶ ሞተሩንና ፍሬኑን ብቻ ያስተካክላል። የኔ ምክር ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ ታጥቦ በሰም ይወልወል። አዲስ ቀለም መቼም መቀባት ይቻላል፤ የተፋቀው የመጀመሪያ ቀለም ግን አይመለስም። ደግሞም በሚያብረቀርቅ ትራክተር ጭቃ ውስጥ መግባት ያሳሳል። ሊያርሱበት ከሆነ የሥራ ልብሱን አያስወልቁት።

መፋቅ የግድ ከሆነ ጥንቃቄ ያድርጉ። በአሜሪካ ለቤት የሚሸጥ ቀለም እርሳስ እንዳይበዛበት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ብረት እርሳስ አለበት ብሎ ማሰብ ይሻላል። በደረቁ አይፈግፍጉ፤ አቧራው ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። የቆየ ፍሬንና ፍሪሲዮንም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ግፊት አይንፉት። የሥራ ልብስዎን ከልጆች ልብስ ጋር አይጠቡ።

ልጆችና ምላጩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ ግቢውን መዞር የሚያምር ፎቶ ይወጣዋል። እባክዎ አያድርጉት።

ዛሬ የሚሸጡት ማጨጃዎች ነጂው ከመቀመጫው ሲነሳ ምላጩን በራሳቸው ያቆማሉ። የ1960ዎቹ ትራክተሮች ይህ የላቸውም። ሰው ቢወድቅ እንኳ ማሽኑ መሄዱን፣ ምላጩም መዞሩን ይቀጥላል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ደግሞ ነጂው ከኋላው ያለውን ትንሽ ልጅ አያይም፤ ልጁ ግን በድምፁ ተስቦ እየሮጠ ይመጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር ግልጽ ነው፦ ተቀምጠው የሚነዱትን ማጨጃ ለመንዳት ዕድሜው ቢያንስ 16 ይሁን፤ ልጅ በተሳፋሪነት አይጫን፤ ሣር በሚታጨድበት ጊዜ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቤት ውስጥ ይቆዩ።

ከዚህ በመነሳት ብዙ አስተዋይ ሰዎች የሚያደርጉት አለ። አሮጌው ትራክተር ላይ ያለውን የማጨጃ ምላጭ ከነሳጥኑ ያወርዱና ለጋሪ፣ ለበረዶ ወይም ለማረስ ብቻ ይጠቀሙበታል። ሣሩን በአዲሱ ማጨጃ ያጭዳሉ። በተጨማሪም ነጂው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ መቀመጫው ሥር ያስገጥማሉ። ለሰብሳቢ ዓይን «ኦሪጅናል» አይደለም። ለእናት ዓይን ግን ከኦሪጅናል ይበልጣል። ቁልቁለት ላይም ወደ ጎን አይንዱ፤ ቀጥ ብለው ይውጡ፣ ቀጥ ብለው ይውረዱ።

ታዲያ ልጁ ምን ይሥራ? ብዙ ነገር! ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ከእርስዎ ኪስ ገብቶ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ብሎን ይለያል፣ ከረጢት ላይ ስም ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ካርቡራተር ያጸዳል፣ የፑንቲናን ክፍተት ይለካል። ጎረምሳ ልጅዎ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲሉት «ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለታችሁም ዓይናችሁን አንድ ብሎን ላይ ጥላችሁ ስትሠሩ ግን ወሬው ሳይጠሩት ይመጣል። ያንን ጊዜ በአዲስ ማሽን ዋጋ አይገዙትም። ሴት ልጅዎንም አይርሷት፤ ቁልፍ መያዝ የወንድ ብቻ አይደለም።

ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ

የዚህ ፍቅር በሽታ መዋለድ ነው። ለመለዋወጫ ተብሎ ሁለተኛ ትራክተር ይገዛል። ሁለተኛው «ለመበለት ያሳዝናል» ተብሎ ሦስተኛ ይመጣለታል። መኪናዋ ደጅ ታድራለች፣ ጋራዡ ሙዚየም ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሦስት ነገር በግልጽ ይነጋገሩ፦ በወር ስንት ገንዘብ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስንት ትራክተር። አንዱ ሳያልቅ ሌላ አለመግዛት ትዳርንም ኪስንም ያድናል።

እኛ ቤትስ?

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ይህን እያነበቡ «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ቢሉ አይፈረድብዎትም። ትራክተር የሚያስገባ ጓሮ ባይኖርዎትም፣ ብረቱ ወፍራም ሆኖ የተሠራ፣ ሊጠገን የሚችል ነገር ግን በዘመድ ቤት አይጠፋም። የአያት ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና፣ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስዋገን፣ ድምፁ የጠፋ አሮጌ ሬዲዮ። ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ፎቶ አንሳ፣ ቀስ ብለህ ፍታ፣ ክፍሎቹን ለይ፣ የጠፋውን ከሶማሌ ተራ ፈልግ፣ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጥ።

በዚህ ወር ከአንዱ ዘመድ ቤት አንድ የቆመ ማሽን ይፈልጉ። አሜሪካ ላለው ወንድምዎ ደግሞ በሚቀጥለው ሲደውል ሌላው ሁሉ ይቆይና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፦ «ምላጩን አውርደኸዋል?»

መልካም ቅዳሜ ይሁንልዎ።