የደሴት ሰው መንገዱ መርከብ ነው

በየብስ ላይ ለሚኖር ሰው ድልድይ ቢሰበርበት በዙሪያ ይሄዳል፤ መኪና ቢያጣ በእግሩ ይጓዛል። በደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። መርከብ በቀረችበት ዕለት መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው፤ የሚዞርበትም ሌላ በር የለውም። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ባለፉት ዐሥር ዓመታት የሆነውን ነገር ዛሬ ለአንባቢያን ለማቅረብ ያሰብነው፣ ጉዳዩ የመርከብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። መንግሥት ቃል ሲገባ፣ ውል ሲዋዋልና ገንዘብ ሲያወጣ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው የሚያስረዳ ትምህርት አለበት። ስለዚህ በትምህርት ላይ ያሉና ሥራ በመጀመር ላይ የሚገኙ ወጣቶች ቢያስቡበት ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስኮትላንድ ሰው የሚኖርባቸው ከ90 የሚበልጡ ደሴቶች አሏት። በምዕራብ በኩል ያሉትን አብዛኞቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ካሌዶኒያን ማክብሬን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በዛሬ ስሙ የቆመው በ1973 ሁለት የቆዩ ኩባንያዎች ተዋሕደው ሲሆን፣ ባለቤቱ የስኮትላንድ መንግሥት ነው። መርከቦቹና በርከት ያሉ ወደቦች ግን ከ2006 ጀምሮ በሌላ የመንግሥት ድርጅት ስም የተያዙ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ድርጅት መርከብ ያስነዳል፤ ሁለተኛው መርከብ ያሠራል፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ደግሞ መንግሥት ነው። ጥፋት በተገኘ ጊዜ አንዱ ሌላውን ለማሳየት እንዲህ ያለው አሠራር ምን ያህል እንደሚመች ወደ ኋላ እንመለከታለን።

ከግላስጎ ወደ አራን

የጉዞውን ሁኔታ ለመረዳት የአራንን ደሴት እንውሰድ። በቆየው ልማድ ከግላስጎ በባቡር የተነሣ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ግድም አርድሮሳን ከሚባለው ወደብ ይደርሳል። የመርከቢቱ አፍ ሲከፈት መኪናዎቹ በተራ ይገባሉ፤ ሾፌሮቹም መኪናቸውን ከታች አቁመው ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የባሕሩ ጉዞ 55 ደቂቃ ያህል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ጎት ፌል የተባለው 874 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ገና ከወደቡ ሳሉ ይታያል።

ይህ ለአገር ጐብኚ ደስ የሚያሰኝ ሽርሽር ነው። በአራን ለሚኖሩት 4,600 ያህል ሰዎች ግን መርከቢቱ ዱቄቱንና ነዳጁን የምታመጣ፣ ከብቱን ወደ ገበያ የምታደርስ፣ ቀጠሮ ያለውን በሽተኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የምታሻግር የኑሮ መሠረት ናት። ነፋስ ሲበረታ ካፒቴኑ ጉዞውን ይሰርዛል። ይህን የደሴት ሰው ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋልና ብዙ አያማርርም። የሚያማርረው ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ መርከቢቱ በብልሽት ስትቀር ነው።

ብልሽቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ2008 መንግሥት የመርከብ ዋጋ ያንኑ ያህል ርቀት በመኪና ከመሄድ ወጪ ጋር እንዲመጣጠን በአንዳንድ ደሴቶች ሙከራ ጀመረ፤ በ2014 አራን ተጨመረች፤ በ2015 ደንቡ በኩባንያው መስመሮች ሁሉ ተዳረሰ። አሳቡ መልካም ነበር። ዋጋው ሲረክስ መንገደኛውና መኪናው በዛ፤ መርከቡ ግን በዚያው ልክ አልተጨመረም። ከ1993 ጀምሮ አራንን ስታገለግል የኖረችው ካሌዶኒያን አይልስ እያረጀች ሄደች። በበጋ የጐብኚው መኪና ቦታውን ሲሞላው፣ ባለአገሩ ከወደቡ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ መጣ።

ሁለቱ መርከቦችና ውላቸው

መንግሥት መፍትሔ ያለው ሁለት አዳዲስ መርከቦችን ማሠራት ነበር። በፖርት ግላስጎ የሚገኘው የፈርጉሰን መርከብ መሥሪያ በ1903 የተመሠረተ፣ በክላይድ ወንዝ ላይ ከቀሩት የንግድ መርከብ ሠሪዎች የመጨረሻው ነው። በ2014 ከስሮ ሊዘጋ ሲል አንድ ባለሀብት ገዝቶት ሥራውን ቀጠለ። በ2015 ኦክቶበር ወር ሁለቱን መርከቦች በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ሠርቶ በ2018 ሊያስረክብ ውል ተፈረመ። ሠራተኛው ሥራ እንዲያገኝ፣ ደሴተኛውም መርከብ እንዲያገኝ የታሰበ ስለሆነ በዓላማው ላይ ነቀፋ የለንም።

ይሁን እንጂ ከውሉ በፊትም ሆነ በኋላ የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። በ2017 ኖቬምበር ወር የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበሩት ኒኮላ ስተርጅን በተገኙበት በዓል ተደርጎ ግሌን ሳኖክስ የተባለችው የመጀመሪያዪቱ መርከብ ወደ ውሃ ወረደች። ነገር ግን መስኮቶቿ በከፊል በቀለም የተሳሉ እንጂ እውነተኛ መስታወት አልነበሩም። ሥራው አላለቀም፤ በዓሉ ግን ተከብሯል። በ2019 መሥሪያው እንደ ገና ከሰረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም መንግሥት ወረሰው። እስከዚያ ድረስ ከውሉ ዋጋ ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተከፈለ ሲሆን፣ ከዚያ ሌላ መንግሥት ለመሥሪያው 45 ሚሊዮን ፓውንድ አበድሮ ነበር።

ግሌን ሳኖክስ መንገደኛ ጭና ሥራ የጀመረችው በ2025 ጃንዋሪ ወር፣ ከቀጠሮዋ ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ዘግይታ ነው። እኅቷ ግሌን ሮዛ 2025 ሲያልቅ ገና ከመሥሪያው አልወጣችም ነበር። የሁለቱ ወጪም ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ይህም ከመጀመሪያው ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ 102 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች መርከብ ለአርድሮሳን ወደብ ትልቅ ሆና ስለ ተገኘች፣ አገልግሎቷን የጀመረችው ራቅ ብሎ ከሚገኘው ከትሩን ወደብ ነው። ከናፍጣ ሌላ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንድትሄድ ተደርጋ ብትሠራም፣ ጋዙ የሚጫንበት ጣቢያ በስኮትላንድ ባለመኖሩ ከእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በከባድ መኪና መመላለስ አስፈልጎታል። አየሩን ከጭስ ለማዳን የታሰበው ነገር ረጅም የጭነት መኪና ጉዞ አስከተለ።

ከዚህ የምንማረው

የስኮትላንድ ዋና ኦዲተር በ2022 ማርች ወር ያወጣው ሪፖርት ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ነው። እኛ ከነገሩ ሁሉ ሦስት ትምህርት እናወጣለን።

አንደኛ፣ አሸናፊው ድርጅት ለሕዝብ የተነገረው ድርድሩ ሳያልቅ ነው። አሸናፊነቱ ከታወጀለት ሰው ጋር መከራከር እንደማይመች ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። የመርከቦቹም ንድፍ ተሟልቶ ሳያልቅ ብረት መቁረጥ ተጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በመርከብ ሥራ የተለመደው ሠሪው ሥራውን ባይፈጽም የተቀበለውን ገንዘብ የሚመልስበት ሙሉ ዋስትና ማቅረብ ነው። ይህ ዋስትና አልተሟላም፤ አሠሪው የመንግሥት ድርጅትም ሥጋቱን አስቀድሞ ገልጾ ነበር። ሥጋቱን የሰማ አካል ነበረ፤ ሥጋቱን ያስወገደ ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ሚኒስትሮቹ ያን ሥጋት ለምን እንደ ተቀበሉት የሚያስረዳ በቂ ጽሑፍ ኦዲተሩ አላገኘም። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር መስማማታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ተገኘ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። የተጻፈውም ቢሆን በተፈለገ ጊዜ ካልተገኘ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። መዝገብ መያዝን ዝቅ ያለ ሥራ አድርጎ የሚመለከት ወጣት ሹም ካለ ይህን ያስብ።

መሥሪያው ንድፉ በየጊዜው ተለዋወጠብኝ ሲል፣ አሠሪው ድርጅት ደግሞ ሥራውን የሚመራ ሰው አጣ ሲል ብዙ ተካሰዋል። ክሱ ግን ለደሴተኛው መርከብ አልሆነለትም። በ2023 ጁን ወር የደቡብ ዩስት ደሴት መርከብ ወደ ሌላ መስመር ተዛውራ አገልግሎቱ ለአብዛኛው ወር ሲሰረዝ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በሎክቦይስዴል ወደብ ተሰብስበው አቤት አሉ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ የተባለች የግል መርከብ በወር አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ኪራይ እየተከፈለላት ጉድለቱን እንድታሟላ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት አራት መርከቦች በቱርክ አገር እንዲሠሩ አዟል፤ እነርሱም ቢሆኑ ከቀጠሮአቸው መዘግየታቸው አልቀረም።

ሠራተኛውን ከሥራ አጥነት ማዳንና ደሴተኛውን ማሻገር ሁለቱም የመንግሥት ግዴታ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ ውል ውስጥ ተጠቅልለው፣ የትኛው እንደሚቀድም ሳይለይ ሲቀር ሁለቱም ይጐዳሉ። መሥሪያው ዛሬም ቆሟል፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሠራተኞችም ደመወዛቸውን ይቀበላሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ዋጋውን ከፍለው የጠበቁት፣ ድምፃቸው ከከተማ የራቀው ጥቂት ሺህ ደሴተኞች ናቸው።

ስለዚህ የመንግሥት ሥራ የሚመዘነው ሪባን በተቆረጠበት ቀን አይደለም። በክረምት ማለዳ በወደቡ ላይ ቆማ፣ የሐኪም ቀጠሮዋን ወረቀት በእጇ ይዛ ወደ ባሕሩ የምትመለከት አንዲት አሮጊት፣ መርከቢቱ በሰዓቷ ስትመጣላት ነው። በቀለም የተሳለ መስኮት ለእርሷ ብርሃን አይሰጣትም።