ከሐዘን ዘመቻ ወደ መከላከል፦ ማህበራዊ ሚዲያና የልጃገረዶች መብት

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በአዲስ አበባ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመመለስ በተሳፈረችበት ታክሲ ተጠልፋ የቡድን ጥቃት ተፈጸመባት። በሆስፒታል ስትረዳ ቆይታም በጥቅምት ወር ሕይወቷ አለፈ። ዜናው እንደተሰማ በፌስቡክና በትዊተር ፍትህን የሚጠይቅ ዘመቻ ተቀጣጠለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረውን የሎው ሙቭመንት የመሳሰሉ የወጣቶች ንቅናቄዎችም ጥያቄውን ከኢንተርኔት አውጥተው ወደ አደባባይ አደረሱት። ተከሳሾቹም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው በእስራት ተቀጥተዋል።

ከአስር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ ቁጣ ተደገመ። ከአንድ ዓመት በፊት በባህር ዳር ከተማ ተደፍራ የተገደለች የሰባት ዓመት ሕጻን እናት ያሰማችው አቤቱታ በማህበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ድርጊቱን በፈጸመው ግለሰብ ላይ የተላለፈው የ25 ዓመት እስራት አንሷል በሚል በኢንተርኔት በተዘጋጀው የድጋፍ ፊርማ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ስማቸውን አኖሩ።

ሁለቱ ክስተቶች ማህበራዊ ሚዲያ ለሴቶች መብት መከበር ያለውን ጉልበት ያመለክታሉ። ቀደም ሲል "ገመና ነው" ተብሎ በጓዳ ይቀር፣ አልያም በሽማግሌ እርቅ ይሸፈን የነበረ ጥቃት ዛሬ በሰዓታት ውስጥ የአገር መነጋገሪያ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ጊዜያት ሕዝቡ የተንቀሳቀሰው ልጆቹ ካለፉ በኋላ መሆኑ ሊጤን ይገባል። መገናኛ ዘዴው ለሐዘን ያሳየውን ፍጥነት ለመከላከል ማዋል ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና ምላሽ አላገኘም።

ሕጉ ከሞላ ጎደል አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ልማዶች ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገ ሲሆን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን በወንጀል ያስቀጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶ የሚሆኑት የተዳሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የእነዚህ ልጃገረዶች ታሪክ በአብዛኛው በማንም ገጽ ላይ አልወጣም።

ለዚህ አንደኛው ምክንያት የአቅርቦት ልዩነት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ ከወንዶች 70 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 65 በመቶ የሚሆኑት ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። በድሃ አገራት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በገጠር ቤተሰብ ዘንድ ስልክ ቢኖር እንኳ በአባት ወይም በወንድም ኪስ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። በመሆኑም ስለ ልጃገረዶች የሚተላለፍ መልዕክት አስቀድሞ የሚደርሰው ስልኩን ለያዘው ወንድ እንደመሆኑ፣ እርሱንም ማሳመን ይኖርበታል። በ2005 ዓ.ም. በሬዲዮ የተጀመረው "የኛ" ድራማ የልጃገረዶችን ሕይወት በጨዋታና በዘፈን ማቅረቡ ኢንተርኔት በሌለበት ቤትም እንዲደመጥ አስችሎታል። ማህበራዊ ሚዲያው ከሬዲዮና ከትምህርት ቤት የልጃገረዶች ክበባት ጋር ሲቀናጅ የበለጠ ፍሬ ያፈራል።

ሁለተኛው ምክንያት የደህንነት ስጋት ነው። ሐሳቧን በግልጽ የጻፈች ወጣት ስድብና ዛቻ ሲዘንብባት፣ ፎቶግራፏ ያለፈቃዷ ሲሰራጭ ማየት እንግዳ አይደለም። ብዙዎችም ገጻቸውን ዘግተው ዝምታን ይመርጣሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን ያስቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅም ጾታን መሠረት ያደረገ ጥላቻን ያካትታል። አዋጆቹ ትርጉም የሚኖራቸው ግን አንዲት ተማሪ የደረሳትን የዛቻ መልዕክት ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ "ለምን ጻፍሽ?" ሳይሆን "ማን ላከብሽ?" ተብላ ስትጠየቅ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ምላሽ ሰጪ አካል ነው። ልትዳር የታሰበች ተማሪ ለጓደኛዋ የላከችው አጭር መልዕክት ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ የሚደርስበት የታወቀ መንገድ ከሌለ መልዕክቱ በስልኩ ውስጥ ይቀራል። በአንጻሩ መንገዱ ከተዘረጋ ሠርጉን ለማስቆም ሺህ ፊርማ አያስፈልግም፤ አንድ መልዕክትና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሠራተኛ ይበቃሉ።

የዲጂታል ክህሎትን ለማስፋፋት የተጀመሩ ጥረቶች ለዚህ መሠረት ሊሆኑ ይችላሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በኢንተርኔት ነጻ ሥልጠና የሚሰጥ በመሆኑ፣ ልጃገረዶች እኩል ተሳታፊ የሚሆኑበትን ሁኔታ ማመቻቸት ይገባል። ሥልጠናው ከኮድ ጽሕፈት ባሻገር ራስን ከጥቃት መጠበቅንና ማስረጃ አኑሮ ማመልከትን ቢያካትት ጠቀሜታው የጎላ ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦክቶበር 11 የልጃገረዶች ቀን ሆኖ እንዲከበር አድርጓል። በ2021 ዓለም አቀፍ በዓሉ "ዲጂታል ትውልድ፣ የእኛ ትውልድ" በሚል መሪ ቃል ታስቧል። ትውልዱ የልጃገረዶችም ነው የሚባለው ግን ስማቸው በሐዘን ዘመቻ ላይ ከመጻፉ በፊት፣ በሕይወት ሳሉ የላኩት መልዕክት ሰሚ ሲያገኝ ነው።