መርከቧ ስም አላት

የሟች ወንድሜ የልጅ ልጅ ባለፈው ሳምንት ክፋር ግቢሮል ያለው ቤቴ መጥታ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ትምህርት ቤት «ዓቮዳት ሾራሺም» ታዝዘዋል፤ የዘራቸውን ታሪክ ጠይቀው እንዲጽፉ። የአንዲት ጓደኛዋ ቅድመ አያት የብሪታንያ ባሕር ኃይል መርከበኛ ኖሯል። ጓደኛዋ መዝገቡን ከአገሩ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ አወጣችው፤ ያገለገለባቸው መርከቦች፣ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም ሳይቀር ሰፍሯል። «ጋሼ፣ የኔም ሳባ እኮ በመርከብ ነው የመጣው» አለችኝ፤ «ሳባ» አያት ነው፣ ወንድሜን ማለቷ ነው።

እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ወገኖቻችን ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳኑ ገዳሪፍ አካባቢ የስደተኛ ጣቢያዎች ተነሥተው በጭነት መኪና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወሰዱ ነበር። አሩስ ላይ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ አስመስሎ የሚያስተዳድረው መንደር ነበረ። በሌሊት የአገሪቱ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ሰዉን በጎማ ጀልባ እያመላለሱ «ባት ጋሊም» የምትባል መርከብ ላይ አሳፈሩት፤ ከዚያ ወደ ሻርም አል ሼክ። ወንድሜ የወገራ ገበሬ ነበር። ያን ባሕር እስኪሞት ድረስ «ጥቁሩ ሜዳ» ይለው ነበር።

ፈለግን። የመርከቧ ስም ወዲያው መጣ። የአዛዦች ትዝታ መጣ፤ ስለዚሁ ዘመቻ በ2019 የወጣው ፊልም መጣ። የተሳፋሪዎቹ ስም ግን የለም። የሞሳድ ሰነዶች ለ90 ዓመት እንዲዘጉ ተደንግጓል፤ በ1981 ላይ ሲደመር 2071 ይሆናል። ያን ጊዜ ይህች ልጅ ራሷ አያት ናት። ፊልም ከተሠራበት ነገር ውስጥ የአንድ ገበሬ ስም ምን ምስጢር ሆኖ ይቀራል? ቢያንስ ለቤተሰብ ዛሬውኑ ሊከፈት ይገባል።

ቢከፈትስ በየትኛው ስም ትፈልገው? መርከዝ ቅሊታ (የመጤዎች መቀበያ) ሲገባ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው፤ የአያታችን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆነ፤ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ተባለ። ቴዑዳት ዜሁቱ (መታወቂያው) ላይ ያለው ሰው እናታችን የምትጠራው ሰው አይደለም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቀድሞ እኛም መዝገብ ነበረን። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር። እኔ አራተኛው ላይ እደናቀፋለሁ፤ ልጆቼ ሁለተኛውን አያልፉም። ለዚህ መንግሥትን አልወቅስም። ወንድሜ በሕይወት ሳለ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ፣ ጀልባው ላይ ማን እጁን እንደያዘው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ኮምፒውተሩን ዘግተን ከኛ ሁለት ሕንፃ ወዲያ ወደሚኖሩ እናት ሄድን፤ እሳቸውም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። ቡና እያፈሉ ስም ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ይቆጥሩልን ጀመር። ልጅቷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በፊደል ጻፍን፤ ዕብራይስጡ ብዙውን ጊዜ አናባቢ ስለማይጻፍበት አንዱ ስም በሦስት መልክ ሊነበብ ይችላልና። አሥራ አንድ ደረሱ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆም አሉና «የአምቦበሯ ሴትዮ ሕፃን» አሉ፤ ስሙ ጠፋባቸው። ልጅቷ ቁጥሩን ጽፋ ከፊቱ ባዶ ቦታ ተወችለት።