«ፈያ ነኝ» የሚለው ወንድ መቼ ተለክቶ ያውቃል?

ጠዋት ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ «አከም ጅርታ?» ይባባላል። መልሱ ያው ነው፦ «ፈያ»። በኦሮምኛ ጤና ማለት ነው። ግን «ፈያ» ከምንለው ወንዶች ስንቶቻችን ደም ግፊታችንን ተለክተን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከ6 ሰው 1 እንደማለት ነው። አብዛኞቹ ደግሞ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። ሰውዬው ሥራውን እየሠራ፣ ቡናውን እየጠጣ ልብና ኩላሊቱ ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ስትሮክ ይጥለዋል። ቤተሰብም «ትናንት ደህና ነበር እኮ!» ይላል።

«ወንድ ልጅ ግድ የለሽ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቁን ትኩረት የሰጠው ለእናቶችና ለሕፃናት ነው። ውጤቱም ታይቷል፣ የሕፃናት ሞት በብዙ ቀንሷል። ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል በሄደች ቁጥር ግፊቷን ትለካለች። ወንዱ ግን ሳይታመም ጤና ጣቢያ የሚያስገባው ምክንያት የለውም። ስለዚህ ካርድ የሚያወጣው ሲወድቅ ነው።

ወለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፣ መንገድም ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቷል። ከገጠር ወረዳ ነቀምት ለመምጣት መጀመሪያ «መንገዱ ሰላም ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ መሃል «ሳያመኝ ለምን እሄዳለሁ?» ማለት አይገርምም። ግን ገልብጠን እንየው። ስትሮክ መንገዱ እስኪከፈት አይጠብቅም። አምቡላንስ እንደልብ በማይገኝበት አገር ቀድሞ መለካት ከሌላው ቦታ በላይ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ? ግፊት መለካት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ደጋግሞ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ግፊትና ስኳሩን ቢታይ ጥሩ ነው። 50 ሲሞላ ስለ ፕሮስቴትም ሐኪም ያማክር። ቤተሰቡ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለው ደብተሩን መያዝ እንዳይረሳ።

ጤና ቢሮዎችም ወንዱ እስኪመጣ ከሚጠብቁ መለኪያውን ይዘው ባጃጅ ተራ፣ ገበያና የግንባታ ቦታ ቢወጡ ብዙ ሰው ያገኛሉ።

እስከዚያው ግን ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ልጆች፣ አባታችሁን «ሂድ» ብትሉት አይሄድም። ቅዳሜ ጠዋት «አባዬ፣ እኔም ልለካ ነው፣ አብረን እንሂድ» በሉት።