የቆላ አገር ሕፃናትና የኵላሊት መድከም

ሰው ስለ ሕፃናት ሞት በሚነጋገርበት ጊዜ ተቅማጥን፥ ወባንና የሳንባ ምችን ይቈጥራል እንጂ ኵላሊትን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ኵላሊት ዝም ብሎ የሚሠራ፥ ዝም ብሎም የሚደክም ብልት ስለ ሆነ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ኵላሊት ከልብ ጋራ አብሮ የሚጠራና የሰው ስውር አሳብ ማደሪያ ሆኖ የሚቈጠር መሆኑን ካህናት ያውቃሉ፤ የሐኪሞችም ትምህርት ስውርነቱን አይክድም። ሥራው ደምን ማጥራት፥ የተረፈውንም ውሃና ጨው ከቆሻሻው ጋራ በሽንት ማስወጣት ነው። ይህ ሥራ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቋረጠ እንደ ሆነ ድንገተኛ የኵላሊት መድከም ይባላል፤ መውጣት የሚገባውም ነገር በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ከሚመጣው የኵላሊት በሽታ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ ይኸውም በጊዜው ለተደረሰለት ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ኵላሊቱ ተመልሶ የሚሠራለት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጕዳዩ የሰዓት ጕዳይ ነው።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ፊልቱና ዶሎ፥ በሌላው ወገን ያቤሎና ሞያሌ አሉ። በዚያ አገር የውሃ ነገር ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ፥ የቦረና ሰው በመደዳ ቆሞ እየተቀባበለ ከጥልቅ የሚቀዳባቸው ቱላ የተባሉት ጕድጓዶች ይመሰክራሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 5 የዝናም ወራት በተከታታይ በተጓደሉ ጊዜ ከብቱ አለቀ፥ ሕዝቡም ተሰደደ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌራ በባሌ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ጉጂና ወደ ሶማሌ ክልል ወረዳዎች ተዛመተ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእንዲህ ያለ ተቅማጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ሊያጣ ይችላል። ውሃው ሲያልቅ ደሙ ይቀንሳል፤ ሰውነትም የቀረውን ደም ለአንጎልና ለልብ እያዳላ ኵላሊትን ያስርባል። በችግር ዘመን ዋና ከተማ ጠግቦ ሩቅ አውራጃ እንዲራብ ማለት ነው።

ተቅማጥ ብቻም አይደለም። ወባ፥ የእባብ መርዝም ኵላሊትን ይመታሉ። የጕሮሮ ወይም የቆዳ ቍስል የነበረበት ልጅ ከ1 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ፊቱ አብጦ፥ ሽንቱም ጥቍር ሻይ መስሎ ቢታይ ይህ የኵላሊት ምልክት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው ነገር የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ውሃ ያነሰው ሕፃን ለትኵሳቱ ዲክሎፌናክ ቢወጋ ወይም አይቡፕሮፌን ቢሰጠው የተጠማው ኵላሊት ይብሱን ይጐዳል። በጋምቢያ ሳል ማስታገሻ ሽሮፕ ጠጥተው ኵላሊታቸው የቆመ ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት ሞተው፥ የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ አወጣ። መርዙ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ነበር፤ ይኸው መርዝ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1937 በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎች ገድሏል። ዕቃ ከወዲህና ከወዲያ በሚመላለስበት የጠረፍ ገበያ የሚሸጠውን ሽሮፕ መመርመር የማን ሥራ እንደ ሆነ ሹማምንት ያውቁታል።

በዋናው ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኵላሊት መተካት መጀመሩ ለአገር ክብር ነው። ይሁን እንጂ ሽንቱ የቆመ የዶሎ ሕፃን ይህን ሁሉ መንገድ ይደርሳልን? ለቆላ ከተሞችም የደም ማጠቢያ መኪና ይገዛ የሚሉ አሉ። መኪናው ለምርቃት ያምራል፤ ነገር ግን የጠራ ውሃና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፥ ለትንሽ ሕፃንም የተለየ ዕቃና ባለሙያ ያሻዋል። በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ግን መኪና የሌለበት ነው፤ በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ወደ ሆድ ይገባል፥ ቆሻሻውን ስቦ ይወጣል። የተዘጋጀው ፈሳሽ ባይገኝ እንኳ ሆስፒታሉ ካለው የደም ሥር ፈሳሽና ከግሉኮስ በንጽሕና ሊቀመም እንደሚችል የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ፈቅዷል። የሚጐድለው የሠለጠነ እጅ ነው።

ከዚያም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ለምለም የሚባለው ዱቄት በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በጊዜው ቢጠጣ አብዛኛው ሕፃን እዚህ ደረጃ አይደርስም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በየሰዓቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሽንት እየሸና 8 ሰዓት ያህል ከቈየ ኵላሊቱ እንደ ተጐዳ ይቈጠራል። ይህን ለማወቅ ማንኪያና ሰዓት ይበቃል።

እናት የታመመ ልጇን ይዛ ብዙ ጊዜ ከሐኪም በፊት የምትመጣው ወደ ካህን ወይም ወደ ሼኽ ነው። እንግዲህ ካህኑ ከጸሎቱ ጋራ «ልጁ የሸናው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ውሃ ላለቀበት ሕፃን መጠጥ ሕይወት ነው፤ ኵላሊቱ ለቆመበት ግን ያው መጠጥ ሲበዛ ሳንባውን ያጥለቀልቃል። ሁለቱን የሚለይ የጤና ባለሙያ ነውና፥ ሽንቱ የቆመ ሕፃን ጠበል በብዛት ከሚጠጣ ይልቅ ተረጭቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላክ፤ መረጨቱን የሚከለክል ሐኪም የለም።

የገና ዝናም በመጋቢት ሲጀምር ጎርፉ የጕድጓዱን ውሃ ያደፈርሳል፥ ተቅማጡም ይከተላል። የየዞኑ ሹማምንት ከዚያ በፊት በየጤና ጣቢያው የለምለም ክምችት፥ የሕፃናት ሚዛንና የሽንት መለኪያ መኖሩን፥ በሆስፒታሎቹም ክሬያቲኒን ለሚባለው የደም ምርመራ የሚሆነው ንጥር አለማለቁን፥ የአምቡላንሱም ነዳጅ መመደቡን በዐይናቸው ሄደው ይዩ።